ማኅተም የሌላቸው ወረቀቶች

ወረቀቶቹን የወሰዷቸው እኔ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ሌላውን ሁሉ ለእግዚአብሔር ልተወው እችል ይሆናል፤ ይህን ግን መተው አልቻልኩም፤ ስለዚህ ከዚህ እጀምራለሁ።

የባለቤቴ ሣልስት እንኳ አልደረሰም ነበር። ድንኳኑ በደጃችን ተተክሎ፣ የዕድሩ አግዳሚ ተደርድሮ፣ እኔ ከውስጥ ከመደቡ ጥግ ተቀምጫለሁ። ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች ገቡ። ጋቢያቸውን እንደ ወጉ ተከናንበው ተቀመጡ፤ ከንፍሮው ዘገኑ፤ እግዜር ያጽናሽ አሉኝ። እኔም አንገቴን እንደ ደፋሁ አሜን አልኩ። በእኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት በዚያን ጊዜ የመጣን ሰው ምን ፈልገህ መጣህ አትለውም፤ የሚወጣውንም ሰው ምን ይዘህ ወጣህ ብላ አትጠይቅም። ዐይኗ ከመሬት አይነሣም። ሰዎቹ ወጉን አያውቁም እንዳልል እዚሁ ፍኖተ ሰላም የተወለዱ፣ እዚሁ ያደጉ፣ እናቶቻቸውን እዚሁ የቀበሩ ናቸው። ያውቃሉ። የመጡትም ስለሚያውቁ ነው።

ሲወጡ ወረቀቶቹ ያሉበትን ሳጥኔን ይዘው ወጡ። እኔ አላየሁም። ድንኳኑ ተነሥቶ፣ የሩቁ ዘመድ ተሸኝቶ፣ ቤቱ ጭር ሲል ወደ ማድ ቤቱ ቆጥ ቀና ብዬ ባይ ሳጥኑ የነበረበት ቦታ ብቻ ጥላሸት ሳይነካው አራት ማዕዘን ሆኖ ነጥቶ ቀርቷል። መጀመሪያ ሌባ የገባ መሰለኝ። ኋላ ነው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ፈርሞ እንዳስረከባቸው የሰማሁት።

ጠርቼ ጠየቅሁት። አጠፋሁ ብሎ አላሰበም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር።

"እትዬ፣ ለከተማው በዓል ወረቀቶቹን ለሕዝብ እናሳያለን፣ ፎቶግራፉንም በትልቁ አሠርተን እንሰቅላለን አሉኝ እኮ። የወንድሜ ሥራ ተረስቶ ይቅር?"

"ሳጥኑ የማን ነው?"

ዐይኑን ወደ ባዶው ቆጥ አነሣ። እኔም ሌላ አልጨመርኩበትም፤ ወንድሙን የቀበረ ሰው ነው።

ባለቤቴ መምህር ነበር። መጀመሪያ ደምበጫ፣ ቀጥሎ ቡሬ፣ በመጨረሻ እዚሁ አስተምሮ ጡረታ ወጣ። ወረቀት መሰብሰብ የጀመረው ቡሬ ሳለን ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሙስሊም ነጋዴ የአባታቸውን ሱቅ ሊያድሱ ዕቃ ሲያወጡ፣ አንድ ጆንያ አሮጌ ወረቀት ከደጅ ከምረው ክብሪት ይዘው ቆመዋል። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደረሰባቸውና እንዲያው ለኔ ይስጡኝ አላቸው። እሳቸውም ሚስትህ እንጨት አጣች እንዴ ብለው ሳቁበትና ሰጡት። ጆንያው ውስጥ የነበረው አባታቸው ከዐባይ ማዶ፣ ከወለጋ ነጋዴዎች ጋር የተጻጻፉት ነበር፤ ስንት በቅሎ ጭነት እንደ ተሻገረ፣ የትኛው መሻገሪያ በውሃ እንደ ተዘጋ፣ የማን አጋሰስ ገደል እንደ ገባ፣ በመሀሉም ማን የማንን ልጅ ለልጁ እንደ ጠየቀ። ባለቤቴ እሱን እያነበበ ብቻውን ሲስቅ ከረመ። ቆይቶ ነጋዴው ራሳቸው ማታ ማታ እየመጡ፣ እስቲ አባቴን አንብብልኝ፣ ይሉት ጀመር።

ወሬው ተሰማና ሰው ሁሉ አሮጌ ወረቀቱን ያመጣለት ገባ። የጋብቻ ውል፣ የዕድር ደንብ፣ የድንበር ስምምነት፣ ኑዛዜ፣ ሽማግሌ የጨረሰው የደም ዕርቅ። አንዳንዱ ውሰደው ብሎ ይሰጠዋል። አንዳንዱ ግን ቤቱን ምስጥ እየበላበት፣ ወይም ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ወረቀቱ ከማን ዘንድ ይቀመጥ የሚለው ሌላ ጠብ ሆኖበት፣ በአደራ ያስቀምጥበታል። ባለቤቴ ሁለቱን አይቀላቅልም። በእያንዳንዱ ወረቀት ራስጌ በእርሳስ የማን እንደሆነ፣ ከየት አገር እንደመጣ ይጽፍና መጨረሻው ላይ ወይ "ስጦታ" ወይ "አደራ" ይላል። በእስክሪብቶ ምነው አትጽፍም ስለው፣ የሰው ወረቀት ነው፣ ባለቤቱ ሲመጣ በላጲስ ይጠፋል ይለኝ ነበር።

ሳጥኑ የኔ ነው። ሙሽራ ሆኜ ልብሴን ይዤበት የመጣሁ የቆርቆሮ ሳጥን፤ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ክዳኑ ላይ ሁለት ቀይ አበባ የተሣለበት። ልብሱ ሲያልቅ ወረቀት ገባበት። ከማድ ቤቱ ቆጥ ያኖረው ምስጥና ብል ጭስ ስለማይወዱ ነው። ስለዚህም ወረቀቶቹ ሁሉ ጠይመው ጭስ ጭስ ይሸቱ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ አውርዶ ሰሌን ላይ ዘርግቶ ፀሐይ ያስመታቸዋል። ሰው በርበሬ ያሰጣል፣ አንተ ወረቀት ታሰጣለህ እለዋለሁ። እሱ ከሞተ በኋላ መስከረም ሲጠባ ሰሌኑን አውጥቼ ባዶውን ዘረጋሁት። ምን እንደማደርግበት አላውቅም ነበር።

ከአደራዎቹ ሁሉ አንዱን ለብቻው መናገር አለብኝ።

ከፈረስ ቤት ከተማ ወዲያ፣ ከደጋው፣ በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል የሚመጡ አንዲት እናት አሉ። እስከ ደምበጫ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በሚኒባስ። ልጃቸው ባለቤቴ ደምበጫ ሳለ ያስተማረው ተማሪ ነው። በደርግ ጊዜ ከገበያ መካከል ታፍሶ ወደ ጦር ሜዳ ሄደ። ከዚያ የጻፈው ደብዳቤ አንድ ብቻ ነው። ለእናቱ በቀጥታ የሚደርስበት አድራሻ ስለሌለ በመምህሩ በኩል ብሎ ላከው፤ ከደብተር የተቀደደ አንድ ገጽ። መንግሥት ሲለወጥ የሌላው ልጅ እግሩ እያበጠ፣ እየለመነም ቢሆን አገሩ ገባ። የሳቸው አልመጣም። መርዶም አልመጣም። የሚያረዳቸው ሰው ስላልነበረ አላለቀሱም፤ ተዝካርም አላወጡም። ያላቸው ያ አንድ ገጽ ነው። እሱንም ከቤታቸው አላኖሩትም፤ "ከእኔ ዘንድ ዝም ይላል፣ ከእናንተ ዘንድ ይናገራል" ብለው ከባለቤቴ ዘንድ ተዉት። ባለቤቴም ከሌሎቹ ለይቶ ከሳጥኑ ወለል፣ ከተነጠፈው ጋዜጣ ሥር አኖረው።

እኚህ እናት ገና ከደጅ ሳሉ "ልጄ ደህና ነው?" ይላሉ። ባለቤቴ "ደህና ነው፣ ላውርድልዎ" ብሎ ወደ ቆጡ ይሄዳል። ከዚያ ተቀምጦ ያነብላቸዋል። ደብዳቤውን እኔም አንብቤዋለሁ፤ አጭር ነው። እንደምን አለሽልኝ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ቦራውን በሬ እንዳትሸጪው፣ ፈቃድ ከሰጡኝ ለሚካኤል እመጣለሁ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ይኸው ነው። ባለቤቴ ሲያነበው ግን በየዓመቱ አንድ ነገር ይረዝማል። አንድ ጊዜ እግራቸውን እሾህ ወግቷቸው እያነከሱ መጡ። በዚያ ዓመት ደብዳቤው "እናቴ ሆይ፣ ጫማ ሳታደርጊ ገበያ እንዳትወጪ" አለ። በሚቀጥለው ዓመት የላስቲክ ጫማ አድርገው መጡና "ልጄ አዞኝ" ብለው እግራቸውን አሳዩን። ሌላ ጊዜ ጎርፍ ሊወስዳቸው እንደነበር ነገሩን፤ ደብዳቤው "ወንዝ ሲሞላ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ" የሚል ጨመረ። እኔ ባሌን አየዋለሁ፤ እሱ ከወረቀቱ ቀና አይልም።

እንግዲህ የወሰዱት ይህን ነው።

ተዝካሩን ካወጣሁ በኋላ ወደዚያ መሥሪያ ቤት መመላለስ ጀመርኩ። በግድግዳው ላይ "ደንበኛ ንጉሥ ነው" የሚል ተለጥፏል። ንጉሥ ሆኜ አግዳሚ ላይ ስንት ቀን እንደዋልኩ እኔ አውቃለሁ። ስብሰባ ላይ ናቸው። ሥልጠና ባሕር ዳር ሄደዋል። ግምገማ ነው። ጥቁር ልብሴን አይተው አንዳንዶቹ ወንበር ይለቁልኛል፤ ወንበር ግን ወረቀት አይመልስም።

አንድ የገበያ ቀን አብሽ ገዝቼ ገባሁ። ባለ ሱቋ በወረቀት ጠቅልላ ነበር የሰጠችኝ። ቤት ደርሼ ስፈታው ጭስ ጭስ ሸተተኝ። አብሽ እንደዚያ አይሸትም። ወረቀቱን ዘረጋሁት። የሁለት ወንድማማቾች የድንበር ስምምነት ነው፤ ሽማግሌዎቹ በሥላሴ ስም ተገዝተው የጣት አሻራቸውን ያኖሩበት። ከራስጌው በባለቤቴ እጅ፣ በእርሳስ፣ የሰዎቹ ስምና አገራቸው፣ መጨረሻ ላይ "አደራ" ይላል።

ነጠላዬን እንዴት እንዳጣፋሁ አላስታውስም። አብሹ ከእጄ ላይ እየተበተነ ያንን ወረቀት ይዤ መሥሪያ ቤቱ ገባሁ። ስብሰባ ላይ ናቸው ያለኝን ዘበኛ አልፌው ሄድኩ። ኃላፊው ወጣት ነው፤ ሳጥኑን ሊወስዱ ከመጡት አንዱ፣ ከንፍሮዬ የዘገነ። ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

"ይሄ ምንድን ነው ማዘር?"

ማዘር። እናቴ ማለት ከብዶት ነው፣ ወይስ እናቱ እንዳልሆንኩ እንዳውቀው?

"አብሽ ተጠቅልሎበት ያገኘሁት ነው" አልኩት። "ከናንተ የወጣ ነው።"

አገላብጦ አየው። ያየው ጽሑፉን አይደለም፤ የግርጌውን ባዶ ቦታ ነው።

"ይሄማ ማኅተም የለውም።"

አስረዳኝ። ትዕግሥት እንዳለው ሰው ሆኖ፣ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ሳጥኑ እንደመጣ ወረቀቶቹን ለይተዋል። ክብ ማኅተም ያለባቸው ለታሪክ ተመዝግበው ተቀምጠዋል፤ በበዓሉ ቀን በመስታወት ውስጥ ለሕዝብ ታይተዋል። ማኅተም የሌላቸው ተወግደዋል። መወገዱም በቃለ ጉባኤ ነው።

"ማኅተም ከሌለው ማን እንደጻፈው በምን ይታወቃል?" አለኝ።

"የጻፈው ሰው ስሙ ከሥሩ አለ። የመሰከሩት ሰባት ሽማግሌዎች ስማቸው አለ። አሻራቸው አለ።"

"ስም ማንም ይጽፋል እኮ ማዘር።"

የቀሩትን ልይ አልኩት። አሳየኝ። የግብር ደረሰኝ። የማዘጋጃ ቤት ማስጠንቀቂያ፣ አጥርህን አፍርስ የሚል። የመጥሪያ ወረቀት። የመዋጮ ደረሰኝ። ሰው ለልጁ የተናገረው፣ ጎረቤት ከጎረቤት የታረቀበት፣ የነጋዴው አባት ስለ በቅሎው የጻፈው፣ አንዱም የለም። ከዚህ አገር ሰው ሕይወት መርጠው ያስቀሩት መንግሥት ሰውን ያዘዘበትንና ከሰው የተቀበለበትን ብቻ ነው። የልጅ ልጆቻችን መጥተው ቢያዩት ጎጃም ውስጥ ግብር ከመክፈል በቀር ማንም ምንም ሠርቶ አያውቅም ሊሉ ነው። ይህን ብዬ ነገርኩትና የድንበሩን ወረቀት ከጠረጴዛው መልሼ አነሣሁ። ሐሳቤን በጽሑፍ ማቅረብ እንደምችል ገለጸልኝና ወደ በሩ አመለከተኝ።

በበሩ አጠገብ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ የሐሳብ መስጫ ሳጥን ተቀምጧል። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ። ክዳኑ ላይ ወረቀት ማስገቢያ ቀዳዳ ተበጅቶለታል፤ የተቀደደው ከሁለቱ ቀይ አበቦች መካከል ነው። በጎኑ በነጭ ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፎበታል። የተንጠለጠለበት ጓጉንቸር የባለቤቴ ነው፤ ክፍት ሆኖ የወሰዱትን ገፍተው ዘግተውታል።

የሙሽርነት ሳጥኔ ነው፣ መልሱልኝ አልኩ። ኃላፊው ለጋሹ ፈርመዋል አለ። ለጋሹ የባሌ ወንድም ነው፣ ሳጥኑ የኔ ነው አልኩ። ያው አንድ ቤተሰብ አይደላችሁ እንዴ አለኝ።

ስወጣ ዘበኛው ተከትሎ ወጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የተወገደው ለባለ ሱቆች በኪሎ እንደ ተሸጠ ነገረኝ። አብሽ ወደሸጠችልኝ ሴት ተመልሼ ሄድኩ። ልታውቅ የምትችልበት መንገድ አልነበራትም፤ የቀረውን ከጠረጴዛዋ ሥር አውጥታ እንዲሁ ሰጠችኝ። አንድ ክንድ የማይሞላ ነው። ሌሎቹንም ሱቆች ዞርኩ። ከጨው፣ ከቁንዶ በርበሬ፣ ከሳሙና መጠቅለያ እየለቀምኩ፣ እየዘረጋሁ፣ እየጠረግሁ ሰበሰብኩ። የወታደሩ ደብዳቤ ከመካከላቸው የለም።

አደራ በላ መባል በእኛ አገር ሌባ ከመባል ይብሳል። ሌባ የሰው ንብረት ነው የበላው፤ አደራ በላ የሰውን እምነት። እኔም ኅዳር እስኪደርስ ድረስ ያ ስም በደጄ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ከረመ። ያልበላሁትን አደራ ብዕር የያዙ ሰዎች በልተው፣ ስሙን ለኔ ተዉት።

ለኅዳር ሚካኤል መጡ። በፌስታል ድንች ይዘዋል፤ ከደጋው ሲወርዱ ባዶ እጃቸውን መጥተው አያውቁም። ጥቁር ልብሴን ከደጅ አይተው ገባቸው። ድንቹን መሬት አኖሩና አለቀሱ። ባለቤቴን "ልጄ፣ አንደበቴ፣ ዐይኔ" እያሉ እያነሡ አለቀሱት፤ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አብሮ አለቀሰ። ለገዛ ልጃቸው ያላለቀሱትንም አብረው ያለቀሱ መሰለኝ። ከዚያ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ተቀመጡ፣ የቀረበላቸውን ቀመሱ።  ከዚያ በኋላ ነው የጠየቁኝ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ልጄስ?"

ልዋሻቸው እችል ነበር። አንድ ወረቀት አንሥቼ፣ ብዙ ጊዜ ከሰማሁት ቃሉን መድገም አያቅተኝም። ግን እሱ ሲጨምርላቸው የነበረው በእጁ ላይ ያለ እውነት ስለነበረ ነው፤ እኔ በባዶ ነገር ላይ ምን እጨምራለሁ?

"እማማ፣ የለም" አልኳቸው። "ወሰዱት።"

"ማን?"

"የመንግሥት ሰዎች።"

ቀና ብለው አዩኝ።

"አሁንም?" አሉ።

 እኔ ስለ ኃላፊው፣ ስለ ማኅተሙ፣ ስለ አብሹ ስነግራቸው እየሰሙ ነው ወይ እላለሁ። ሲሰሙ ኖረዋል። "ሳጥኑንስ ከፍተሽ አይተሽዋል?" አሉኝ። ከጋዜጣው ሥር እንደነበር እሳቸውም ያውቃሉ። የባለቤቴን ኮት ከምሰሶው አውርጄ ኪሱን ፈተሽኩ። ቁልፉ እዚያ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ በዚያን ቀን ባለ ጉዳይ ሞልቶታል፤ የገጠር ሰው፣ የመሬት ደብተር ጉዳይ ያለበት፣ የውሃ ጉዳይ ያለበት። እማማን አስከትዬ ገባሁና ቀጥ ብዬ ሄጄ ቁልፉን ከተትኩ። ተከፈተ። ሳጥኑ ከግማሽ በላይ በተጣጠፈ ቁራጭ ወረቀት ተሞልቷል። ኃላፊው ከክፍሉ ወጣ።

"ማዘር! ይሄ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፣ ቁጥር አለው።"

"ቁልፉስ?" አልኩት።

 ያለ ቁልፍ ቆልፈውት ነበርና ሳጥኑ ከተቀመጠ ጀምሮ አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም። ከአግዳሚው ላይ አንድ ገበሬ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል እንደያዙ፣ "እኔ እኮ ቁልፉ አዲስ አበባ ነው ብዬ መልሱን ስጠብቅ ነበር" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ቁራጮቹን በነጠላዬ ላይ አውጥቼ ወለሉን ዳበስኩ። ጋዜጣው ተቀድዶ ወጥቷል። ባዶ ቆርቆሮ ነው።

እማማ እጃቸውን አስገብተው እሳቸውም ዳበሱት፤ ጥግ ጥጉን፣ እንደ ዕውር። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና "ጻፊው" አሉኝ።

"ምኑን እማማ?"

"ቃሉን። እኔ እነግርሻለሁ። እዚሁ ጻፊው።"

የመዝገብ ቤቷ ሴት ከመስኮቷ ሆና ስታየን ኖራ አንድ ንጹሕ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለችኝ። ተንበርክኬ አግዳሚው ላይ ጻፍኩ። እሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ይላሉ። እንደምን አለሽልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቦራውን በሬ እንዳትሸጪው። ሳያቋርጡ ይሄዳሉ፤ የባለቤቴ የንባብ ዜማ ጭምር አለበት፣ የሚያርፍበት ቦታ ያርፋሉ። ከዚያ "እናቴ ሆይ፣ ጫማ ሳታደርጊ ገበያ እንዳትወጪ" አሉ። እጄ ቆመ። ያ ቃል የልጃቸው አይደለም። የማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ አፈር ከለበሰ ገና ዓመት ያልሞላው ሰው ቃል ነው።

ዐይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

"የማን እንደሆነ አውቃለሁ" አሉኝ። "ጻፊው።"

ጻፍኩት። የወንዙንም ጻፍኩ። በየዓመቱ የጨመረላቸውን ሁሉ፣ እኔ የረሳሁትን ሳይቀር፣ በየተራው ነገሩኝና ጻፍኩ። ገጹ ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞረ።

ስጨርስ ወረቀቱን ተቀብለው ተነሡና ወደ ኃላፊው ሄዱ። ቁመታቸው ከደረቱ አይደርስም።

"ማኅተም የሌለውን ነው የምትጥሉት አሉ?"

"እማማ፣ አሠራሩ..."

"እንግዲያ ምታበት። የጣለ እጅ ይምታበት።"

ዋናው ከሌለ ቅጂ ማረጋገጥ እንደማይቻል ነገራቸው። ዋናውን የጣልከው አንተ ነህ አልኩት እኔ። ገበሬው ከአግዳሚው "እውነቷን ነው" አሉ፤ ሌሎችም ተቀበሏቸው። ኃላፊው ፊቱ ቀላ። በዚህ መካከል የመዝገብ ቤቷ ሴት፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር ሆና፣ "ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ከሆነ እኮ ገቢ ማድረግ እንችላለን" አለች። ይህ እውነት ነው፤ ወደ መሥሪያ ቤት የመጣ ማንኛውም ደብዳቤ ገቢ ይባልና ማኅተም ይመታበታል። መዝገቧን ገለጠች። ከማን እንደመጣ ጠየቀች፤ እማማ የልጃቸውን ስም ከነአባቱ ነገሯት። ለማን? ለእናቱ።

"ጉዳዩ ምን ልበል?"

"ሰላምታ ነው የኔ ልጅ። ሌላ ምን ጉዳይ አለው?"

ሴትዮዋ ጻፈችው። ጉዳዩ፦ ሰላምታ። ከዚያ ማኅተሙን እስትንፋሷን እፍ ብላበት መታችው። ከጦር ሜዳ ከተላከ ስንት ዘመኑ፣ የዚያ ልጅ ደብዳቤ በዚያን ቀን ደረሰ።

ኃላፊው ደንብ ትዝ አለው። ገቢ የሆነ ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት አይወጣም አለና እጁን ዘረጋ። እማማ ወረቀቱን አጥፈው ከደረታቸው፣ ከቀሚሳቸው ውስጥ ከተው ጨርሰዋል። እጁ አየር ላይ ቀረ። የሰው ልጅ ነውር የሚያውቅበት ቦታ አሁንም አንድ አለና ከዚያ አላለፈም።

እኔ ሳጥኑን መልሼ ቆለፍኩት። ቁራጭ ወረቀቶቹን በነጠላዬ ቋጥሬ ይዤ ወጣሁ፤ ማንም አልከለከለኝም፤ ማኅተም የላቸውማ።

እማማን ወደ መናኸሪያው ሸኘኋቸው። ደብዳቤው ከእኔ ዘንድ ይቀመጥ እንደሆነ ሳልጠይቃቸው ጠበቅሁ። አልሰጡኝም። "ከእኔ ዘንድ ይሁን ልጄ" አሉኝ፤ ቅር እንዳይለኝ ክንዴን ያዝ አድርገው። "ምስጡን እኔ እጠብቀዋለሁ።" ለከርሞ ኅዳር ይዘውት እንደሚመጡ ነግረው፣ እንዳነብላቸው አስማሉኝ። ሚኒባሱ ሲሄድ ነው የወሰዱብኝ ምን እንደሆነ ደኅና አድርጎ የገባኝ። ይህ ቤት ሰው ያለውን የሚያኖርበት ቤት ነበር። የምስጥ አገር ሰው እንኳ ወረቀቱን ከምስጥ ይልቅ ከእኛ ዘንድ ያምን ነበር። አሁን ምስጡ ይሻላል።

ቁራጮቹን ቤቴ ገብቼ አነበብኳቸው። አንዱ፣ የቦኖ ውሃው ከተቋረጠ ክረምትና በጋ አለፈ ይላል። አንዱ፣ ደብተሬ ላይ የእኅቴ ስም ለምን ተጻፈ ይላል። አንዱ፣ ተመላልሼ መጣሁ፣ ሰው የለም፣ ይህን ለማን እንደምጽፍ አላውቅም ይላል። ከየሱቁ ከለቀምኳቸው ጋር አደረግኋቸው። የባለቤቴን እርሳስ ቀርጬ፣ በእያንዳንዱ ራስጌ ከየት እንደመጣ ጻፍኩ፤ መጨረሻው ላይም "አደራ"። የሁለቱ ወንድማማቾች የድንበር ወረቀት የአብሹ ሽታ አልለቀቀውም፤ እንዲሁ አኖርኩት። ባለቤቶቹን አንድ በአንድ እየጠየቅሁ ነው፤ ሁለት መጥተው ወስደዋል።

ለመሥሪያ ቤቱ ሳጥኔ እንዲመለስልኝ ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ገቢ ሆኗል። መልስ አላገኘሁም። ሳጥኑ አሁንም ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ የሰው ሐሳብ ይከተትበታል፤ ቁልፉን ስጪን ብለው የባሌን ወንድም ልከውብኝ ነበር። አልሰጠሁም። በየወሩ መጨረሻ ሄጄ እከፍተዋለሁ፣ ያለውን በነጠላዬ እቋጥራለሁ፣ መልሼ እቆልፈዋለሁ።